በጀርመን የዶክትሬት ቦታና የገንዘብ ድጋፍ

በጀርመን የዶክትሬት ቦታ ማለት አንድ ተመራማሪ በአማካሪ ፕሮፌሰር ሥር ምርምር አካሂዶ የዶክተር ማዕረግ የሚያገኝበት የሥራ ወይም የትምህርት ቦታ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለዶክትሬት የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፤ የተመዘገበ ሰው በየሴሚስተሩ የሚከፍለው አነስተኛ መዋጮ ብቻ ነው። የኑሮ ወጪው አብዛኛውን ጊዜ በደመወዝ ወይም በስኮላርሺፕ ይሸፈናል።

የጀርመን ሥርዓት አመልካቾች ሁሉ የሚገቡበት አንድ የጋራ በር የለውም። አማካሪ ማግኘት፣ በፋኩልቲ ተቀባይነት ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ የሚወስኑባቸውም አካላት የተለያዩ ናቸው። አንዱ ተሳክቶ ሌላው ሊቀር ስለሚችል፣ አመልካቹ የትኛውን ውሳኔ ከማን እንደሚጠብቅ ማወቁ ለውጤቱ ትልቅ ድርሻ አለው።

በአገሪቱ በየዓመቱ ከ25,000 በላይ ሰዎች የዶክትሬት ማዕረግ ያገኛሉ፤ ብዙዎቹ በሕክምና፣ በተፈጥሮ ሳይንስና በምህንድስና ዘርፍ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

የዶክተር ማዕረግ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል። በአዲስ ምርምር ላይ የተመሠረተው የዛሬው መልኩ ግን በዋናነት የተቀረጸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን ነው። በቪልሄልም ፎን ሁምቦልት ሐሳብ በ1810 የተከፈተው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና ምርምር መነጣጠል የለባቸውም የሚለውን መርሕ ያዘ። ተማሪው ከእሱ በፊት የተጻፈውን ከማጥናት አልፎ ራሱ አዲስ ዕውቀት እንዲያፈልቅ ይጠበቅ ነበር። ይህን ለመማር ከሌሎች አገሮች፣ በተለይም ከአሜሪካ፣ ብዙ ወጣቶች ወደ ጀርመን ይጓዙ ነበር። በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹን የፒ.ኤች.ዲ. ዲግሪዎች በ1861 የሰጠው የየል ዩኒቨርሲቲና በ1876 የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የጀርመኑን አርአያ ተከትለዋል።

ወደ በርሊን ከሄዱት አንዱ በኋላ የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋይ ሆኖ የታወቀው ደብልዩ ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ ነው። ከ1892 እስከ 1894 ስሌተር ከተባለ የአሜሪካ ፈንድ ባገኘው ገንዘብ በበርሊን ተማረ፤ የመመረቂያ ጽሑፉንም አዘጋጀ። መምህራኑ ቢደግፉትም ዩኒቨርሲቲው ለፈተና ከመቅረቡ በፊት ተጨማሪ ሴሚስተር እንዲማር ጠየቀ፤ ፈንዱ ደግሞ ድጋፉን ለማራዘም ፈቃደኛ አልሆነም። ዱ ቦይስ የበርሊኑን ዶክትሬት ሳያገኝ ተመልሶ በ1895 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ተመረቀ፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ይህን ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊም ሆነ። ያው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ በ1958 የክብር ዶክትሬት ሰጠው። የትምህርቱ ደንብ የሚጠይቀው ጊዜና ገንዘቡ የሚቆይበት ጊዜ አለመገጣጠም ዛሬም ድረስ የዶክትሬት ተማሪዎችን የሚያጋጥም ችግር ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ምርምርን በገንዘብ የሚደግፉ ተቋማት ተቋቋሙ። የጀርመን ምርምር ማኅበር (ዴኤፍጌ) መነሻው በ1920 የተመሠረተ ማኅበር ሲሆን የአሁኑን ስሙን የያዘው በ1951 ነው። የጀርመን አካዳሚያዊ ልውውጥ አገልግሎት (ዳአድ) በ1925 ተመሠረተ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1950 እንደገና ተቋቁሞ ዋና መሥሪያ ቤቱን በቦን አደረገ። ዴኤፍጌ ከ1990 ጀምሮ በቡድን የሚሰጡ የዶክትሬት መርሐ ግብሮችን በስፋት መደገፍ ጀመረ። የማክስ ፕላንክ ማኅበርም ከ2000 ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር ዓለም አቀፍ የምርምር ትምህርት ቤቶችን ከፍቷል።

ሦስቱ ውሳኔዎች

የመጀመሪያው ውሳኔ የአማካሪው ነው። በጀርመንኛ አማካሪው በልማድ «ዶክቶርፋተር» ይባላል፤ ትርጉሙ «የዶክትሬት አባት» ማለት ነው። ሴት አማካሪ ስትሆን «ዶክቶርሙተር» ትባላለች። አንድ ፕሮፌሰር አመልካቹን እንዲያማክር የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ በነፃነት ይቀበላል ወይም አይቀበልም። ሲቀበል የማማከር ፈቃድ ደብዳቤ ይጽፋል።

ሁለተኛው ውሳኔ የፋኩልቲው ነው። እያንዳንዱ ፋኩልቲ የራሱ የዶክትሬት ደንብ አለው። የዶክትሬት ኮሚቴው የአመልካቹን ዲግሪ፣ ውጤትና የጥናት መስክ መርምሮ «የዶክትሬት እጩ» አድርጎ ይቀበለዋል። ፕሮፌሰሩ ቢፈልገውም፣ የማስተርስ ዲግሪው ከጥናት መስኩ ጋር የማይቀራረብ ወይም ውጤቱ ከተቀመጠው በታች የሆነ አመልካች ተጨማሪ ኮርስ እንዲወስድ ሊታዘዝ ወይም ላይቀበሉት ይችላሉ።

ሦስተኛው ውሳኔ የገንዘቡ ባለቤት ነው። ይህ ቀጣሪው ዩኒቨርሲቲ፣ የምርምር ተቋም፣ ስኮላርሺፕ ሰጪ ድርጅት ወይም የአመልካቹ አገር መንግሥት ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ሰጪው በራሱ መስፈርትና በራሱ የጊዜ ሰሌዳ ይወስናል።

ሦስቱ ውሳኔዎች እርስ በርስ ስለሚጠባበቁ አመልካቾች ብዙ ጊዜ በመካከል ይቆማሉ። ፕሮፌሰሩ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስኮላርሺፕ ሰጪው ደግሞ የአማካሪ ደብዳቤ ካልቀረበ ማመልከቻውን አያይም። መውጫው ቅድመ ሁኔታ ያለበት ደብዳቤ ነው። ፕሮፌሰሩ «አመልካቹ ስኮላርሺፑን ካገኘ አማክረዋለሁ፤ የሥራ ቦታም በትምህርት ክፍሉ አለው» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ፕሮፌሰሩን ገንዘብ ስለማያስወጣው ለማግኘት ይቀላል፤ ለስኮላርሺፕ ሰጪው ደግሞ በቂ ነው። በሥራ ማስታወቂያ በኩል ሲገባ ግን አማካሪውና ገንዘቡ አብረው ስለሚመጡ የሚቀረው የፋኩልቲው ውሳኔ ብቻ ይሆናል።

የዶክትሬት መንገዶች

የግል ዶክትሬት። ይህ ነባሩና አሁንም ብዙ ሰው የሚከተለው መንገድ ነው። አንድ ተማሪ ከአንድ አማካሪ ጋር ይሠራል፤ የግዴታ ኮርስ የለም ወይም ጥቂት ነው። የመግቢያ ጊዜ ስለሌለው በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ወቅት ሊጀመር ይችላል። ነፃነቱ ሰፊ ቢሆንም ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ላይ ስለሚያርፍ ከአማካሪው ጋር ያለው ግንኙነት ሲበላሽ ተማሪው ብቻውን ይቀራል።

የተደራጀ ዶክትሬት። በምርምር ትምህርት ቤት ወይም በጀርመንኛ «ግራዱይርተንኮሌግ» በሚባል ማዕቀፍ የሚሰጥ ነው። በተቀራራቢ ርእስ ላይ የሚሠሩ ተማሪዎች በአንድ ላይ ይገባሉ፤ ኮርስና ሴሚናር ይወስዳሉ፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ አማካሪ ይመደብላቸዋል። የሥራ ቋንቋው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ማመልከቻው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በተወሰነ ቀን ይዘጋል። ዴኤፍጌ አንድን ግራዱይርተንኮሌግ ቢበዛ ለ9 ዓመት ስለሚደግፍ፣ አዲስ የተከፈቱት ብዙ ቦታ ሲያወጡ ሊዘጉ የተቃረቡት አዲስ ተማሪ አይቀበሉም። የተከፈተበትን ዓመት ማየት ስለዚህ ለአመልካች ይጠቅማል።

በምርምር ተቋም የሚሠራ ዶክትሬት። የማክስ ፕላንክ፣ የሄልምሆልትስ፣ የላይብኒትስና የፍራውንሆፈር ተቋማት ለዶክትሬት ተማሪዎች ሰፊ ዕድል ይሰጣሉ። ማዕረግ የመስጠት ሥልጣን ግን በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲዎች ስለሆነ፣ በተቋም የሚሠራ ተማሪ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ፋኩልቲም ተቀባይነት ማግኘት አለበት። ቀድሞ ዶክትሬት የማይሰጡት የተግባር ሳይንስ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ከ2016 ወዲህ በሄሰን ግዛት ጀምሮ በአንዳንድ የምርምር መስኮች ይህን መብት እያገኙ ነው።

የገንዘብ ምንጮች

የሥራ ቦታ። በጀርመን ብዙ የዶክትሬት ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ተቋም ተቀጣሪዎች ናቸው። የሥራ መደቡ በጀርመንኛ «ዊሰንሻፍትሊሸር ሚትአርባይተር» ማለትም «የምርምር ባልደረባ» ይባላል። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከዩኒቨርሲቲው መደበኛ በጀት የሚከፈል ሲሆን ማስተማርን፣ ፈተና ማረምንና የትምህርት ክፍል ሥራን ይጨምራል። ሁለተኛው ፕሮፌሰሩ ከዴኤፍጌ፣ ከሚኒስቴር ወይም ከአውሮፓ ኅብረት ባገኘው የፕሮጀክት ገንዘብ የሚከፈል ነው፤ ርእሱም የቆይታው ጊዜም በፕሮጀክቱ ይወሰናል።

ደመወዙ በድርድር አይወሰንም። በአብዛኞቹ ግዛቶች የመንግሥት ሠራተኞች የጋራ ስምምነት የሆነው ቴፋውኤል በእርከን 13 ይከፈላል። ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ጀማሪ ከታክስና ከመዋጮ በፊት በወር ከ4,000 ዩሮ በላይ ያገኛል። የዶክትሬት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ በሙሉ ጊዜ አይቀጠርም፤ እንደ ዘርፉ 50፣ 65 ወይም 75 በመቶ ይሆናል። በኮምፒውተር ሳይንስና በምህንድስና 100 በመቶ የተለመደ ነው። 65 በመቶ የሆነ ውል በሳምንት ወደ 26 ሰዓት ሥራ ማለት ሲሆን፣ የራስ ምርምር ብዙውን ጊዜ ከዚህ ሰዓት ውጭም ይቀጥላል።

ስኮላርሺፕ። ከዳአድ በተጨማሪ ከፖለቲካ ፓርቲዎች ጋር የተቀራረቡ ፋውንዴሽኖች፣ ለምሳሌ ኮንራድ አደናወር፣ ፍሪድሪክ ኤበርት፣ ሃይንሪሽ በልና ሮዛ ሉክሰምበርግ፣ ለውጭ አገር ዜጎችም የዶክትሬት ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። እነዚህ ከትምህርት ውጤት ጎን ለጎን የአመልካቹን ማኅበራዊ ተሳትፎ ይመዝናሉ። የካቶሊክ አካዳሚያዊ ልውውጥ አገልግሎት (ካአአዴ) በተለይ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የሚመጡ ምሁራንን ይደግፋል። በዳአድ የዶክትሬት ስኮላርሺፕ የመጨረሻው ዲግሪ ከተገኘ በመደበኛነት ከስድስት ዓመት ያልበለጠው መሆን አለበት፤ በማመልከቻው መዝጊያ ቀን በጀርመን ከ15 ወር በላይ የኖረ ሰውም ማመልከት አይችልም።

የኢንዱስትሪ ቦታ። ትላልቅ ኩባንያዎች በራሳቸው ላቦራቶሪ ለሚሠራ የዶክትሬት ምርምር ይቀጥራሉ። አመልካቹ የሚያማክረውን ፕሮፌሰር ማግኘቱና ኩባንያው የምርምሩ ውጤት እንዲታተም መፍቀዱ አስቀድሞ በጽሑፍ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ያልታተመ ጽሑፍ ማዕረግ አያሰጥምና።

የደመወዝና የስኮላርሺፕ ልዩነት

በእጅ የሚገባው ገንዘብ ሲታይ ስኮላርሺፕና ከፊል ደመወዝ ሊቀራረቡ ይችላሉ። በሕግ ፊት ግን በጣም ይለያያሉ። ተቀጣሪው ከደመወዙ ታክስ፣ የጤና፣ የእንክብካቤ፣ የጡረታና የሥራ አጥነት መድን ይቆረጥበታል፤ ቀጣሪውም የራሱን ድርሻ ይጨምርለታል። ባለፉት 30 ወራት ውስጥ ቢያንስ 12 ወር የሥራ አጥነት መድን የከፈለ ሰው ውሉ ሲያልቅ አዲስ ሥራ እስኪያገኝ የሥራ አጥነት ክፍያ የመጠየቅ መብት አለው። ዓመታዊ ዕረፍትና የሕመም ፈቃድም በሕግ ይጠበቁለታል።

ስኮላርሺፕ የሚያገኝ ሰው ተቀጣሪ ስላልሆነ ከእነዚህ አብዛኞቹ የሉትም። የጤና መድኑን ራሱ ይገባል፤ አንዳንድ ስኮላርሺፕ ሰጪዎች ለዚህ ድጎማ ይጨምራሉ። በአንጻሩ ጊዜው ሁሉ ለራሱ ምርምር ነው፤ የማስተማር ግዴታ የለበትም፤ ርእሱንም በአብዛኛው ራሱ ይመርጣል። የማክስ ፕላንክ ማኅበር ከ2015 ጀምሮ ለዶክትሬት ተማሪዎቹ ስኮላርሺፕን በማኅበራዊ መድን በተሸፈነ ውል መተካቱ ልዩነቱ ምን ያህል ክብደት እንደተሰጠው ያሳያል።

ተቀጥረው የሠሩ የውጭ አገር ዜጎች ከ60 ወር ያነሰ የጡረታ መዋጮ ከፍለው ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ወዳለው አገራቸው ከተመለሱ፣ በሕጉ የተቀመጡትን ሁኔታዎች ሲያሟሉ ከ24 ወር በኋላ የራሳቸውን ድርሻ ተመላሽ መጠየቅ ይችላሉ።

ቦታ የሚገኝባቸው መንገዶች

ማስታወቂያ። የሥራ ቦታዎች በዩኒቨርሲቲዎችና በተቋማት ድረ ገጽ፣ በዳአድ የዶክትሬት ቦታዎች ዝርዝርና የአውሮፓ ኅብረት በሚደግፈው ዩራክሰስ ላይ ይወጣሉ። ማስታወቂያዎቹ በአጫጭር መለያዎች የተሞሉ ናቸው። «ኤ 13» የደመወዝ እርከኑን፣ «65 በመቶ» የሥራ ሰዓቱን፣ «በፍሪስተት» ውሉ በጊዜ የተወሰነ መሆኑን ያሳያል። ከሥራ መደቡ ስም ጎን በቅንፍ የሚቀመጡት ሦስት ፊደሎች ቦታው ለሁሉም ጾታ ክፍት መሆኑን ይገልጻሉ። ገንዘቡ ገና እንዳልጸደቀ የሚገልጽ ሐረግ ካለ፣ አመልካቹ ቢመረጥም ቦታው ላይከፈት ይችላል። «የምርምር ባልደረባ» የሚል ማስታወቂያ ሁሉ ዶክትሬትን የሚጨምር አይደለም፤ ለዶክትሬት መሆኑ በማስታወቂያው ካልተገለጸ አስቀድሞ ይጠየቃል።

የፕሮጀክት ዝርዝር። ዴኤፍጌ የሚደግፋቸውን ፕሮጀክቶች ስምና ኃላፊ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የመረጃ ቋት ያወጣል። አዲስ ገንዘብ ያገኘ ፕሮፌሰር ብዙ ጊዜ በቀጣዮቹ ወራት ሰው ይፈልጋል። ይህን የሚከታተል አመልካች ማስታወቂያው ሳይወጣ ስለ ቦታው ሊጠይቅ ይችላል። ገሪት የተባለው ሌላ የመረጃ ቋት ደግሞ በመላ ጀርመን ያሉ የምርምር ተቋማትን በመስክና በከተማ ለይቶ ያሳያል።

ቀጥተኛ ደብዳቤ። ለግል ዶክትሬት ዋናው መንገድ ይህ ነው። ፕሮፌሰሮች «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብለው የሚጀምሩና ለመቶ ሰው በአንድ ጊዜ የተላኩ የሚመስሉ ኢሜይሎች በየቀኑ ይደርሷቸዋል፤ አብዛኞቹም ሳይመለሱ ይቀራሉ። መልስ የሚያገኘው ደብዳቤ በአብዛኛው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የፕሮፌሰሩን ስም ይጠራል፤ ከቅርብ ሥራዎቹ አንዱን አንብቦ ከአመልካቹ ጥያቄ ጋር ያገናኛል፤ አመልካቹ የሚችለውን የምርምር ዘዴ ይገልጻል፤ ገንዘቡን ከየት ለማግኘት እንዳሰበም ይናገራል። መልስ ካልመጣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ማስታወስ ነውር አይደለም።

የማመልከቻ ሰነዶች

የሚጠየቁት ሰነዶች የትምህርትና የሥራ ታሪክ፣ የዲግሪና የውጤት ማስረጃ፣ የፍላጎት ደብዳቤ፣ የሁለት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ወይም አድራሻ እና የቋንቋ ችሎታ ማስረጃ ናቸው። በማኅበራዊ ሳይንስና በሥነ ሰብእ ዘርፎች «ኤክስፖዜ» የሚባል የምርምር ንድፈ ሐሳብ ይጨመራል። ኤክስፖዜው የጥናቱን ጥያቄ፣ እስካሁን የተጻፈውን፣ ዘዴውን፣ የጊዜ ሰሌዳውንና የመጻሕፍት ዝርዝርን ይይዛል። በተፈጥሮ ሳይንስ ርእሱ በፕሮጀክቱ ስለሚወሰን ከንድፈ ሐሳብ ይልቅ የማስተርስ ጥናቱና የላቦራቶሪ ልምዱ ይመዘናሉ።

ውጤት በሚነበብበት ጊዜ የጀርመን ነጥብ ከኢትዮጵያው ተቃራኒ መሆኑ ግራ ያጋባል። በጀርመን 1.0 ከፍተኛው ሲሆን 4.0 ዝቅተኛው የማለፊያ ነጥብ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ውጤትን የሚቀይሩት «የባቫሪያ ቀመር» በሚባለው ስሌት ነው። ከከፍተኛው ነጥብ የተማሪው ነጥብ ይቀነሳል፤ የተገኘው በከፍተኛውና በዝቅተኛው ማለፊያ ነጥብ ልዩነት ይካፈላል፤ በ3 ተባዝቶ 1 ይደመርበታል። ከፍተኛው 4.0፣ የማለፊያው 2.0 በሆነበት የመጀመሪያ ዲግሪ 3.5 ያገኘ ተማሪ በጀርመን 1.75 ይሆናል። የማለፊያ ነጥቡ 3.0 በሆነበት የማስተርስ ትምህርት ግን ያው 3.5 ወደ 2.5 ይወርዳል። የማለፊያ ነጥቡ በትራንስክሪፕቱ ላይ በግልጽ መጻፉ ስለዚህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ቪዛና ኑሮ

የቪዛው ዓይነት የገንዘቡን ምንጭ ይከተላል። የሥራ ውል ያለው ሰው ለተመራማሪ ወይም ለባለሙያ የሚሰጠውን የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስኮላርሺፕ ያለው ወይም በራሱ ወጪ የሚማር በተማሪ ቪዛ ይገባል። በተማሪ ቪዛ የሚገባ ሰው ኑሮውን የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለው ማሳየት አለበት። የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ለዚህ በቂ ሲሆን፣ የሌለው ሰው በተዘጋ የባንክ ሒሳብ ገንዘብ ያስቀምጣል። መጠኑ ከመስከረም 2024 ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ሆኗል።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት

ኢትዮጵያውያን በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች በግብርና፣ በኢኮኖሚክስ፣ በምህንድስና፣ በቋንቋና በታሪክ ዶክትሬት ሠርተዋል። በቦን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የልማት ምርምር ማእከል ከ1999 ጀምሮ የሚያካሂደው ዓለም አቀፍ የዶክትሬት መርሐ ግብር ከኢትዮጵያም ተማሪዎችን ተቀብሏል። ዳአድ በናይሮቢ የአካባቢ ቢሮ ያለው ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር ጋር በመተባበር የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአገራቸው ዶክትሬት የሚሠሩበትን መርሐ ግብርም ደግፏል። በአፍሪካ ውስጥ ለሚሠራ ዶክትሬት የሚሰጠው የዳአድ ስኮላርሺፕም ከቤተሰብ ርቆ ለመኖር ለማይመቸው ሰው አማራጭ ነው።

የኢትዮጵያ ጥናት በጀርመን ረጅም ታሪክ አለው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ከተማ ሄዶ ለሂዮብ ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋና ታሪክ ያስረዳ ነበር። በዚሁ ምሁር ስም በተሰየመው የሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ማእከል የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ በአምስት ቅጾች ከ2003 እስከ 2014 ታትሟል። በ2016 የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው የብራና ጽሑፎች ፕሮጀክት ደግሞ ለረጅም ዓመታት የታቀደ ነው። ግእዝ የሚያውቅ ተማሪ በእንዲህ ያሉ ፕሮጀክቶች ዘንድ ሌላው አመልካች የሌለው ብልጫ ይኖረዋል።

ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ሰው ለሰነድ ዝግጅት በቂ ጊዜ መያዝ ያስፈልገዋል። በወጪ መጋራት የተማረ ተመራቂ ዋናውን ዲግሪ ለማግኘት ግዴታውን ማጠናቀቅ ይጠበቅበታል፤ ሰነድ ማረጋገጥም የየራሱ ቀጠሮ አለው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መምህር የትምህርት ፈቃድ ሲያገኝ ተመልሶ የማገልገል ውል መፈረሙና ዋስ ማቅረቡ የተለመደ ነው። የውሉ ዓመታት ከስኮላርሺፑ ዓመታት ጋር መገናዘባቸው በኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

ማጭበርበር

የጀርመን መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወይም ፕሮፌሰር ለዶክትሬት ቦታ ገንዘብ አይጠይቅም። «አማካሪ እናገናኛለን» ብለው ከፍተኛ ክፍያ የሚጠይቁ ደላሎች ግን በጀርመን ውስጥም ታይተዋል። በ2009 የኮሎኝ ዐቃቤ ሕግ በደላላ በኩል ገንዘብ ተቀብለው እጩዎችን አማክረዋል ተብለው የተጠረጠሩ ወደ መቶ የሚጠጉ ምሁራንን መመርመሩ በአገሪቱ ትልቅ መነጋገሪያ ነበር። በዚህ መንገድ የተገኘ ማዕረግ ከዓመታት በኋላም ሊነጠቅ ይችላል።

ትችትና ክርክር

በ2007 የወጣው የሳይንስ ሠራተኞች የጊዜ ውል ሕግ አንድ ተመራማሪ ከዶክትሬት በፊት እስከ ስድስት ዓመት፣ ከዶክትሬት በኋላም እስከ ስድስት ዓመት በጊዜያዊ ውል እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ በሕክምና ከዶክትሬት በኋላ ያለው ጊዜ እስከ ዘጠኝ ዓመት ይደርሳል። ደጋፊዎቹ ቦታዎች በየጊዜው ለአዲስ ትውልድ እንዲለቀቁ ያደርጋል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ሕጉ ሰዎችን በአጫጭር ውሎች ሰንሰለት ካቆየ በኋላ ያለ ቋሚ ሥራ ያስወጣል ይላሉ። በ2021 የፌዴራል ትምህርትና ምርምር ሚኒስቴር ሕጉን ለማስረዳት «ሐና» የተባለች ምናባዊ ተመራማሪን ያሳየበት ፊልም ቁጣ ቀሰቀሰ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎችም «እኔ ሐና ነኝ» በሚል መፈክር የራሳቸውን ታሪክ በማኅበራዊ ሚዲያ ጻፉ።

ሌላው ትችት በአማካሪው ሥልጣን ላይ ያተኩራል። በብዙ ቦታዎች አንድ ፕሮፌሰር የተማሪው አለቃም አማካሪም የመመረቂያ ጽሑፉ ገምጋሚም ነው። ተማሪው የሥራ ሰዓቱ ስለ በዛበት ቅሬታ ቢያቀርብ ቅሬታው የሚደርሰው ነጥብ ለሚሰጠው ሰው ይሆናል። ይህን ለማቃለል ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪውንና የአማካሪውን ግዴታ በጽሑፍ የሚያስቀምጥ የማማከር ስምምነት ያስፈርማሉ፤ አለመግባባት ሲፈጠር የሚሸመግል እንባ ጠባቂም ይሾማሉ። የተደራጀ ዶክትሬት ከአንድ በላይ አማካሪ እንዲኖር ማድረጉም ከዚሁ የመነጨ ነው።

የምርምሩ ርዝመትም ያከራክራል። ውሎችና ስኮላርሺፖች ብዙውን ጊዜ ለሦስት ዓመት የሚሰጡ ሲሆን ዶክትሬቱ ግን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ጽሑፉ ከተገመገመና ተማሪው በቃል ከተከላከለ በኋላም መመረቂያ ጽሑፉ እስኪታተም ድረስ በዶክተር ማዕረግ መጠራት አይፈቀድም። የመጀመሪያው ውል ከመፈረሙ በፊት ስለ ማራዘሚያ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ፣ ገንዘቡ ከምርምሩ ቀድሞ የሚያልቅበትን አደጋ የሚቀንስ ጥንቃቄ ነው።